በአምስት ምስማር

አንኮበር ላይ ነፋስ ብርቅ አይደለም። ደመቀችን ያስጨነቃት ሌላ ነበር፤ ባሏን ቄስ ገብረ ጻድቅን ሳል አልጋ ላይ ጥሏቸው፣ አሮጌው የሣር ጣራ ፊታቸው ላይ ያፈስባቸዋል። ላሟን ሸጠችና ቆርቆሮ ከደብረ ብርሃን አስመጣች። አናጢው ኪዳነ ማርያምም አብሮ መጣ።

ሥራው ሲጀመር ቄሱ ከአልጋቸው ሆነው አዘዙ። «በየቆርቆሮው አምስት ምስማር። ጌታችን የተቸነከረው በአምስት ቅንዋት ነው፤ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ከዚያ እንዳታልፍ።»

ኪዳነ ማርያም መዶሻውን አስቀመጠ። «አባቴ፣ ጠርዝ ጠርዙ በደንብ ካልተመታ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ይገነጥለዋል። እንጨቱም እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሲደርቅ ምስማሩን ይለቃል።»

«አንተ ሰው፣ በቅንዋቱ ላይ ልትጨምር ነው?»

ወጥቶ ደመቀችን ጠራት። «እትዬ፣ እርስዎ እሺ ይበሉኝ እንጂ እኔ ጨምሬ እመታዋለሁ። እሳቸው ተነሥተው አይቆጥሩት።»

በበሩ አሾልካ አየች። ሰውዬው ትራሳቸውን ተደግፈው ጣራ ጣራውን እያዩ ፈገግ ብለዋል። ከታመሙ ወዲህ ፊታቸው እንዲህ ሲፈታ አላየችም።

«ተወው፣ እንዳሉህ አድርግ» አለችው። አይ ደመቀች! የአናጢው ነገር እውነት መሆኑ ጠፍቷት አይደለም።

ክረምቱ ከጣራው ጠብ ሳይል አለፈ። ኅዳር ላይ እንጨቱ ደረቀ፣ ከቤቱ በታች ካለው ገደል ነፋስም ተነሣ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮው ተንገጫገጨና አንዱ ሌላውን እየጎተተ ገደል ገባ። ጎረቤት ተሯሩጦ ቄሱን ወደ ማድ ቤት አዛወራቸው፤ የነፋሱ ብርድ ግን ቀድሞ ገብቶባቸው ነበር። ሳሉ ደም ማምጣት ጀመረ።

«ጌታ ቅንዋቱን ከእጄ አልተቀበለኝም» እያሉ ያለቅሱ ነበር። «የቀደስኩት ሁሉ ከንቱ ነው።»

ከሞቱ ይልቅ ይህ አስፈራት። ካህን ተስፋ ቆርጦ ሊሞት ነው።

«ኧረ አይደለም፣ አባ» አለች። «ምስማሩ አንሶ ነው። ኪዳነ ማርያም ይገነጠላል ብሎኝ ነበር፤ ልጨምርበት ሲለኝ ተወው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዕንባቸው ቆመ።

«ታውቂ ኖሯል?»

«ደስ ብሎዎት ስላየሁ እኮ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግሥቱ ነፍስ አባታቸውን አስጠርተው፣ ተረጋግተው ተናዘዙ፣ ቆረቡም። ውኃውን ከእጇ ይጠጡ ነበር። እሷን ግን እስኪያርፉ ድረስ አላናገሯትም።