በሽማግሌ የተካፈለ የራኬት ክር

ብዙነሽና ካሳሁን ሲፋቱ ሽማግሌዎቹ ያላካፈሏቸው ነገር ቢኖር ጥላቻውን ብቻ ነው፤ እሱ ለሁለቱም ሙሉ ሙሉው ደርሷቸዋል። ሌላው ሁሉ ተሸንሽኗል። አልጋው፣ ብፌው፣ ድስቱ፣ መርሳ ያለችው የብርቱካን ማሳ ሳትቀር እኩል በእኩል ሆነ። በእነ ብዙነሽ አካባቢ ትዳር ሲፈርስ ሽማግሌ የሚፈራው የተዘለለ ዕቃ ነው፤ አንዲት ማንኪያ ሳትካፈል ብትቀር ነገ የጠብ መነሻ ትሆናለች ይባላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተገኘ ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፣ ለምን እንደሚያገለግል የሚጠይቅ የለም፣ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ጥቅል የቴኒስ ራኬት ክር በሽማግሌ የተፈረደበትም በዚህ ዓይነት ነው።

ክሩ የካሳሁን ነበር። ካሳሁን የግሬደር ኦፕሬተር ነው፤ ልጅ ሳለ ወልድያ ባለ አንድ የስፖርት ክበብ ሜዳ ኳስ እያቀበለ ቴኒስ ለመደ፣ አድጎም የሜዳው ጉልበተኛ ሆነ። ኳስ ሲመታ ቂም ያለበት ይመስላል። የናይለን ክር እሱ እጅ ከገባ ሳምንት አይከርምም፣ ጧ ብሎ ይበጠሳል። መንገድ ሊሠራ መጥቶ አብሮት ይጫወት የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ጥቅል ትቶለት ሄደ። ፖሊስተር ነው፣ እንዳንተ ክር ለሚፈጅ ሰው የተሠራ ነው አለው። እውነትም ለካሳሁን እንደ ልኩ የተሰፋ ልብስ ሆነለት።

ልጃቸው ህሊና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እሷም ትጫወታለች፤ አባቷ በክንዱ የሚያደርገውን እሷ በጭንቅላቷ ነው የምታደርገው። ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ ወላጆቿ በተፋቱበት በዚያው ዓመት፣ ባሕር ዳር ለሚደረገው የክልል ውድድር ታጭታ ነበር። እንድትኖር የተወሰነው ከእናቷ ጋር ነው።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሐጂ አብዱልሐሊም፣ የውርጌሳ ተወላጅ የእህል ነጋዴ፤ ሁለተኛው ጋሽ ወልዴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፤ ሁለቱም በዕድሜያቸው ራኬት ጨብጠው አያውቁም።

«ይኼ አይካፈልም» አለ ካሳሁን፣ ጥቅሉ ከብፌው ሥር ሲወጣ። «ለልጅቷ አይሆንም።»

«ለምን አይሆናትም?» አለች ብዙነሽ። ከካሳሁን አፍ የወጣ ነገር ሁሉ ጆሮዋ ሳይደርስ ይጎመዝዛታል።

«ደረቅ ነው። በኃይል ለሚመታ ሰው ነው የሚሆነው። ናይለን ኳሱን ራሱ ይገፋልሻል፤ ይኼ አይገፋም፣ የምትገፊው አንቺ ነሽ። ንዝረቱ ሁሉ ክርን ላይ ነው የሚያርፈው። የልጅ ክንድ አይችለውም።»

«ከምንድነው የተሠራው?»

«ፖሊስተር።»

ብዙነሽ ሳቀች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ሱቋ ስንት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጥ ኖራለች። ጥጥ ይሳሳል፣ ይጨማደዳል፤ ፖሊስተር ግን ቢታጠብ ቢታጠብ ንቅንቅ አይልም። የተማሪ ዩኒፎርም ልታሰፋ የምትመጣ እናት ሁሉ ፖሊስተር አድርጊልኝ ነው የምትላት። እና ይህ ሰውዬ አሁን ጠንካራውን ለራሱ ወስዶ ተበጣሹን ለልጇ ሊተው ነው። ደሟ ፈላ።

«ለእሱ ሲሆን ጥሩ፣ ለልጄ ሲሆን ደረቅ! ሐጂ፣ ስስቱን እያዩት ነው? እርስዎ ይፍረዱ።»

ካሳሁን ሊያስረዳ ሞከረ፤ ብዙነሽ ሽንጧን ገትራ ተከራከረችው። ሐጂ ወደ ጋሽ ወልዴ አዩ፣ ጋሽ ወልዴ ወደ ክሩ አዩ።

«ወላሂ እኔ የዚህን ነገር ሙያ አላውቅም» አሉ ሐጂ። «ግን ልጅ ከአባቷ ተለይታ ባነሰ ነገር ብትጫወት ነውር ነው። ይካፈል።»

ክሩ ከአጥሩ እስከ በሩ ተዘረጋ፣ ተመለሰ፣ ከመካከሉም በብዙነሽ መቀስ ተቆረጠ። ካሳሁን ፊቱን አጨፍግጎ «የመጣው ይምጣ» አለ። የራኬት መወጠሪያው ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ስለሆነ የልጅቷን ራኬት የወጠረውም እሱው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብዙነሽ የድል ሳምንታት ነበሩ። ህሊና ኳሱን ከታች ወደ ላይ ስትልጠው ክሩ ኳሱን ነክሶ ያሾረዋል፤ ኳሱ ከመረቡ በላይ ከፍ ብሎ ሄዶ፣ ወጣ ሲባል ዝቅ ብሎ መስመሩ ውስጥ ይወድቃል፣ ነጥሮም የተጋጣሚን ትከሻ ያልፋል። የክበቡ ሰው አጨበጨበ። ብዙነሽ ከሜዳው በወዲህ በኩል፣ ካሳሁን በወዲያ በኩል ነበር የሚቀመጡት፤ ድምፅዋን ግን እሱ ድረስ እንዲሰማ ታደርገዋለች።

«ደረቅ ነው ያለው ማን ነበር?»

ካሳሁን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ፖሊስተር ሳይበጠስ እንደሚሞት ያውቃል። ውጥረቱ ቶሎ ይለቃል፤ ዓይን ሲያየው ያው ነው፣ ኳስ ሲያርፍበት ግን ሕይወት የለውም። እሱ ራሱ አይጎዳበትም፤ ክንዱ ወፍራም ነው፣ ደግሞም ክሩ ፈዞ ሳይከርም መትቶ መትቶ ይበጥሰዋል፣ በአዲስ ይቀይረዋል። የህሊና ግን በምን ጉልበት ይበጠስ? በዚያ ላይ ክር ከአዲስ አበባ ካልመጣ የማይገኝበት ከተማ ስለሆነ የክበቡ ሕግ አንድ ነው፤ ያልተበጠሰ ክር አይቀየርም። በደህና ክር ላይ መቀስ የሚያነሳ ሰው እንደ አባካኝ ነው የሚታየው። ስለዚህ ህሊና የሞተ ክር ይዛ ቀረች። ኳሱ አልሄድላት ሲል የበለጠ ትመታለች፣ የበለጠ ስትመታ የበለጠ ክርኗን ይነዝራታል።

ብዙነሽ ነገሩን ያየችው ሜዳ ላይ አይደለም፣ ሱቋ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ወፍራም የካፖርት ጨርቅ እንድትቆርጥላት መቀሱን ለህሊና ሰጠቻት። ህሊና መቀሱን ያዘች፣ ጨርቁ ውስጥ አስገባች፣ ጨበጥ ስታደርገው ፊቷ አመድ መሰለ። መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆነሻል?»

«ተኝቼበት ነው።»

ብዙነሽ ክርኗን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗ ብቻ እንባ ሞላ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«እና ለምን አትነግሪኝም?»

ህሊና መቀሱን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አሞኛል ካልኩ አባዬ ያሸንፋል። አላመመኝም ካልኩ አንቺ ታሸንፊያለሽ። የምኖረው ደግሞ አንቺ ጋ ነው።»

ብዙነሽ ሱቁን ዘጋች።  ልጅቷን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። የሺ የተባለችው ነርስ ክንዷን አጥፋ ዘርግታ አየችውና በግልጽ ነገረቻት፤ የክርኗ ጅማት ተቆጥቷል፣ ታሳርፈው፣ ስትመለስም በዚህ ዕቃ ከሆነ ክንዷን ለዘለቄታው ታጣዋለች። ባሕር ዳር ለመሄድ ጊዜው ገና ነበር። እረፍትና ለስላሳ ክር ከተገኘ ተስፋ አለ። ናይለን ክርም መወጠሪያውም ያለው ካሳሁን ዘንድ ነው።

ለካሳሁን መልእክት ላከችበት። መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው። ነገሩ በሽማግሌ ፊት ስለተወሰነ፣ የሚፈርሰውም በሽማግሌ ፊት ነው። መሳሳቷን በአፏ ትናገር።

ብዙነሽ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሞት ይሻላል ብላ ነበር፤ ግን የልጇ ክርን አለ። ብዙነሽና ካሳሁን፣ ህሊናና ሽማግሌዎቹ በሐጂ አብዱልሐሊም የእህል መጋዘን ተሰበሰቡ። ብዙነሽ ቆማ፣ ካሳሁንን ሳታይ፣ ለሐጂ ተናገረች።

«ተሳስቻለሁ። ክሩ ለእሷ አይሆንም ነበር። እሱ ተናግሯል፣ እኔ በእልህ አልሰማሁም።»

«ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ በይው» አለ ካሳሁን።

ወደ እሱ ዞረች። ቃል በቃል ደገመችው። ካሳሁን እግሩን አጠላልፎ ወደ ጆንያዎቹ ተደገፈ፤ ለዚህች ቀን የኖረ ነው የሚመስለው።

«ብያለሁ ወይስ አላልኩም፣ ሐጂ?»

«ብለሃል፣ ልጄ። የማናውቀውን ፈረድን፣ አላህ ይቅር ይበለን።»

«ጋሽ ወልዴ፣ የልጅ ክንድ አይችለውም ብያለሁ ወይስ አላልኩም?»

«ብለሃል፣ ብለሃል» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ሰልችቷቸው። «እንግዲህ ይበቃል።»

«አባዬ» አለች ህሊና።

እስካሁን ማንም ቃል አልጠየቃትም ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«እንደሚጎዳኝ በደንብ ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«እንዴት አላውቅ! ስንት ዓመት የተጫወትኩበት ነገር እኮ ነው።»

«ላላ ተደርጎ ቢወጠር ትንሽ ይሻል ነበር?»

«ይሻል ነበር።»

«የኔን ላላ አደረግከው?»

ካሳሁን እግሩን አወረደ። ወደ ሐጂ አየ፣ ሐጂ ዓይናቸውን ወደ መቁጠሪያቸው መለሱ።

«እንደ ራስህ ነው የወጠርከው» አለች ህሊና። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እስኪያመኝ ነው የጠበቅከው። እሷ እንድትሸነፍ።»

 ካሳሁን ከጆንያዎቹ ተነስቶ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ብዙነሽም በዚያች ቅጽበት ደስ አላት። ልትከለክለው ጊዜ አላገኘችም፤ ከሆዷ ተነስቶ ፊቷ ላይ ወጣ፣ ጥርሷ ሊታይ ምንም አልቀረው። ተዋረደ። በገዛ ልጁ አፍ፣ በሽማግሌ ፊት ተዋረደ። ቀና ስትል ህሊና እያየቻት ነበር።

ደስታውን ከፊቷ ለማጥፋት ሞከረች፤ ልጅቷ ግን አይታ ጨርሳለች።

«መርሳ አክስቴ ፋንቱ ጋ ነው የምኖረው» አለች ህሊና። «ባሕር ዳር አልሄድም። ማናችሁም እንዳትመጡ።»

ህሊና ተነስታ ሄደች፤ ብዙነሽ ተከትላት ወጣች። ስሟን እየጠራች እስከ መናኸሪያው ሄደች። ህሊና ግን ዞር ሳትል የመርሳ ሚኒባስ ላይ ወጣች፤ ረዳቱም በሩን ዘጋው።