ማንም ያልገባበት ሳምንት

የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ካልነቀነቀ ልቡ አያርፍም። ሚስቱ «መቀርቀሪያ» ያለችውም ለዚሁ ነው፤ ስሙ ከቤት አልፎ ቢሮ ድረስ ተከተለው።

አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ከሥልጠና እንደተመለሱ አስጠሩት።

«ከእንግዲህ ማንም ሰው በስልኩ ማረጋገጫ ሳይሰጥ ኢሜይልም ሆነ ፋይል እንዳይከፍት። ዛሬውኑ።»

«መልካም ነው፣ ጋሼ። ግን ሠራተኛው ገና ስልኩን አላስመዘገበም። መጀመሪያ በጥቂት ሰው እንሞክረው። ለክፉ ቀን የምትሆን አንዲት አካውንትም ከሕጉ ውጭ ትቀመጥልን።»

«ሌባ የሚገባው በተተወች ቀዳዳ ነው» አሉት። «አንድም ሰው እንዳይቀር። አንተም ብትሆን።»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። መቀርቀሪያ ሕጉን ጻፈና ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፉን ተጫነ። ወዲያው ከየክፍሉ «እምቢ አለኝ፣ አልገባ አለኝ» የሚል ድምፅ ተነሣ። ስልክ ለማስመዝገብ መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት ደግሞ የተመዘገበ ስልክ። መቀርቀሪያም ራሱ ውጭ ቀረ። አገልግሎቱን ለሚያቀርበው ድርጅት ቢደውል፣ ያነሣችው ልጅ በትሕትና «አስተዳዳሪው በአካውንታቸው ገብተው ያመልክቱ» አለችው።

«አስተዳዳሪው እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ይግቡና ያመልክቱ።»

ማንነቱ እስኪጣራ ሳምንቱ አለቀ። የሒሳብ ሹሟ ደብዳቤ ታቅፋ ፎቅ ስትወጣ ስትወርድ ሰነበተች። ተኮራርፈው በኢሜይል ብቻ ይነጋገሩ የነበሩ ሁለት የክፍል ኃላፊዎች ግን ቸግሯቸው ፊት ለፊት ተቀመጡና ስንት ጊዜ የተጓተተውን የቧንቧ ጥገና ተስማምተው ጨረሱ። መቀርቀሪያ መባረሩ አይቀርም ብሎ ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ነበር።

አካውንቱ የተከፈተለት ዓርብ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በዚህ ሳምንት አንድም ሰርጎ ገብ ወደ አካውንቶቻችን አልገባም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ቦርዱ አጨበጨበ፤ መቀርቀሪያም አንገቱን ደፍቶ የምስጋና ወረቀት ተቀበለ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ሊያባርሩኝ ነው ስትል አልነበር እንዴ?»

«ሸለሙኝ።»

«ታዲያ ምን አስከፋህ?»

«የመጸዳጃ ቤቱንም በር እንዲሁ በስልክ ማረጋገጫ የሚከፈት አድርግልን ብለውኛል» አላት።

ሰኞ ጠዋት የዓመት ፈቃዱን ጠየቀ።