ግራ ጫማው ኤሊሴዮ

«እኔስ አልገረመኝም» አለ የሟች የድሮ የባንድ ባልደረባ ቼጎ፣ ትኩስ ቸኮላቱ ውስጥ አይብ እየነከረ። «ኤሊሴዮ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ምት ሲቀድም ኖረ፤ ሞት ላይም ቀደመን።»

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። ለቅሶ ቤት ነውና ሳቁ ቶሎ ታፈነ፤ ቢሆንም ተስቋል። የሟች ሚስት ኤኔይዳ የብስኩት ሳህን ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። እሷም ከንፈሯን ገለጥ አደረገች። በባሏ ሲቀለድ አርባ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው እንዲሁ ከንፈሯን ገለጥ እያደረገች ነው።

ኤሊሴዮ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ምሥራቅ ሃርለም፣ መቶ ስድስተኛው መንገድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አባቶች ከፖርቶ ሪኮ ይዘውት በመጡት ወግ ዘጠኝ ቀን ይጸለይለታል። ቀን ቀን ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል፤ አመሻሽ ላይ ዶኛ ሞንሲታ መቁጠሪያዋን ይዛ ትመጣና ታስጸልያለች። ሞንሲታ በጸሎት ቀልድ አታውቅም። በዘጠነኛው ቀን ሻማው ጠፍቶ እስኪሰናበት ድረስ ሟች ከቤቱ አይወጣም፣ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል ትላለች። ኤኔይዳን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። ለእሱ የምትናገረው ነገር አላት፤ የቀራት ደግሞ ስድስት ቀን ነው።

ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ቡጋሉ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ሰፈሩን ያሳበደበት ዘመን ነበር። የሙዚቃ ባንዱ የዶን ቫሮ፣ ከበሮ መቺው ኤሊሴዮ። ሸክላ ሲቀረጽ የድግስ ቤት ለዛ እንዲኖረው ሲባል የሰፈሩ ወጣቶች ስቱዲዮ ይጠሩና በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ይጮኻሉ። የዚያን ቀን ከተጠሩት አንዷ የኤሊሴዮ እጮኛ ነበረች፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኤኔይዳ።

ሙዚቃው ሁሉ የሚቆመው ክላቬ በሚሉት ምት ላይ ነው፤ አምስት ምት፣ ሦስት ከዚያ ሁለት። እዚያ ሰፈር ልጅ አፉን ሳይፈታ ያውቀዋል። እሱን ያዛባ ከበሮ መቺ ግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ አድርጎ ሠርግ ቤት እንደገባ ሰው ነው። ዘፈኑ መሀል መሣሪያው ሁሉ ዝም ይልና ጭብጨባው ብቻውን ይቀራል። እዚያ ላይ ኤኔይዳ የኤሊሴዮን ዓይን ስታይ ልቧ ጠፋና አንድ ምት ቀድማ አጨበጨበች፤ አጠገቧ ያሉትም ተከተሏት። ኤሊሴዮ ቀና ብሎ አያት። ከበሮው ተመልሶ ሲገባ በትክክለኛው ቦታ ቢመታ ጥፋቷ አደባባይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ከእሷ ጋር መታ። ትሮምቦን ነፊዎቹ ተደናብረው ተከተሉት።

ድጋሚ ለመቅዳት ሰዓት አልነበረም። ሸክላው ወጣ። ሰፈሩ ያቺን መደናበር ወደዳት፣ በየደረጃው ላይ ጨፈረባት። ሙዚቀኞቹ ግን ኤሊሴዮን ይቅር አላሉትም። ዶን ቫሮ አባረሩት፣ «ግራ ጫማው» የሚል ስም ወጣለት። ቆይቶ ሳልሳ የሚባለው ሙዚቃ ሲመጣ፣ ደህና ከበሮ መቺ በፋኖስ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ለኤሊሴዮ የደወለ የለም። የዚሁ ሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ሆነና ምድር ቤት ከማሞቂያው ጋር ሲታገል ሸበተ።

ኤኔይዳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያን ዕለት አውቃለች። መጀመሪያ አፍራ ዝም አለች። በኋላ ደግሞ እሱ ዝም ስላለ ዝም አለች። ማወቄን ያውቃል፣ ነገሩ እንዲነሳ ግን አይፈልግም እያለች ራሷን አሳመነች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሷ ግን ነቅዟል።

በስድስተኛው ቀን ኩሽና ውስጥ ለሞንሲታ በሹክሹክታ ነገረቻት። ሞንሲታ ስኒ ማጠቧን አላቆመችም።

«ለእኔ ምን ያደርጋል? ስም ባወጡለት ሰዎች ፊት ተናገሪ።»

«ይስቁብኛል።»

«በእሱ ሲስቁ ችለሽ የለ እንዴ?»

በዘጠነኛው ቀን ዶን ቫሮ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ወንዶቹ ሁሉ ተነሱላቸው። ቼጎ ያን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። ጭብጨባው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ሲደርስ ራሱ ቼጎ ጣቱን ቀሰረ።

«እቺት! ግራ ጫማችን! ነፍሱን ይማር፣ እኛስ ይቅር ብለነዋል።»

ኤኔይዳ መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳች።

«ማንን ነው ይቅር ያላችሁት? የቀደምኩት እኔ ነኝ። እሱ እኔን ሊሸፍን ነው የመታው።»

«አበልጄ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርሽ። ቁጭ በይ።»

«አርባ ዘጠኝ ዓመት ቁጭ ብያለሁ። ስማ!»

አጨበጨበች። ያቺው ናት፤ አንድ ምት የቀደመችው፣ መላው ሰፈር በቃሉ የሚያውቃት። ያን ቀን ትሮምቦን ይነፋ የነበረው ቼጎ የቀሰረውን ጣት አጠፈ። ሰው ሁሉ ወደ ዶን ቫሮ ዞረ። እሳቸው አልደነገጡም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ጆሮ አለኝ እኮ፣ ልጄ። ያኔውኑ ሰምቻለሁ። ልጮኽብሽ ስመጣ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። ‹እሷ አላወቀችም፣ በእኔ ይሁን፣ እንዳትነግራት› ብሎ በእናቴ አስማለኝ።»

«አላወቀችም ብሎ ነው የኖረው?»

«እስኪሞት ድረስ። ባለፈው የገና በዓል እንኳን ‹እስካሁን አታውቅም እኮ› አለኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ።»

ኤኔይዳ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሁለቱም እያወቁ ደብቀው የኖሩት አንድ ምስጢር መስሏት ነበር። ለካ ባሏ አታውቅም ብሎ ምስጋናዋን ሳይጠብቅ፣ እሷም ያውቃል ብላ ሳታመሰግነው፣ አንድ አልጋ ላይ አርጅተዋል።

«እርስዎስ፣ ዶን ቫሮ? ግራ ጫማው ሲባል ሲስቁ የነበሩት ምን ብለው ነው?»

ዶን ቫሮ ዓይናቸውን ከዘራቸው ላይ ጣሉ።

ሞንሲታ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። «ሻማው ገና አልጠፋም። ሰምቶሻል።»

«ዛሬ ቢሰማ ምን ያደርግለታል?»

ሞንሲታ መቁጠሪያዋን አወጣች። ሁሉም ተንበረከኩ፤ ቼጎ እንኳ ጉልበቱ እየተንቋቋ ወረደ። የመሰናበቻው ጸሎት ተጀመረ፣ እጆች ሁሉ ለጸሎት ተጋጠሙ። ኤኔይዳም ቀኝ መዳፏን ወደ ግራው አቀረበች፤ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ያቺ ጭብጨባ ትዝ ስላለቻት ቆመ። ሁለቱንም መለሰቻቸውና አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ ጭኗ ላይ አራርቃ አስቀምጣ «አሜን» አለች።