የአምሐ ሃያ ሺህ ሚሊሬም

እሑድ ሚያዝያ 7 ቀን 1976 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተኩል በመካኒሳው ቀበሌ አዳራሽ የተገኙት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ከበበው፣ ጸሐፊው ለታ፣ ከስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ዚነት፣ በላፍቶ በኩል የሚያርሱት ሽማግሌው ኦቦ ዳባ፣ የጨረር መለኪያ ክፍል ሠራተኛው አምሐና ባለቤቱ ትሩፋት፣ እንዲሁም ከመቶ ሠላሳ የማያንሱ ነዋሪዎች ነበሩ። ቃለ ጉባኤው «ሁሉም በሰዓቱ ተገኝተዋል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ዕለቱ ሆሳዕና ስለነበር ግማሹ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሩጫ ነው የመጣው፤ የዘንባባው ቀለበት ገና ከጣቱ አልወለቀም። ያልመጣ ሰው የስኳር ተራው እንደሚያልፈው ስለተነገረ ግን ማንም አልቀረም።

አጀንዳው አንድ ነበር፤ ለሠራተኞች ቀን ከቀበሌው የሚሸለመውን ምስጉን ሠራተኛ መምረጥ።

አምሐ ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀምጧል። በስብሰባ ተናግሮ አያውቅም። ድምፅ ሲሰጥ እንኳ እጁን የሚያነሣው እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ ስለሆነ ቆጣሪው አንዳንዴ ጆሮውን የሚያክ መስሎት ያልፈዋል። ዛሬ ግን ከሁለቱ ዕጩዎች አንዱ እሱ ነው። ሁለተኛዋ ዚነት ናት።

የሰፈሩ ሰው ስለ አምሐ ሥራ የሚያውቀው ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም እንደሚያጥብ ብቻ ነበር። ከዚህ የተነሣ ፎቶ አንሺ ይመስላቸውና የሠርግና የክርስትና ፊልም እየያዙ በሩን ያንኳኳሉ። እሱም «የኔ ፊልም ሌላ ነው» ማለት ስለሚያሳፍረው ይቀበላቸውና ፒያሳ ፎቶ ቤት ወስዶ አሳጥቦ ያመጣላቸዋል። በዚህ አኳኋን ስሙ ጥሩ ነበር።

እውነተኛ ሥራው እንዲህ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ራጅ የሚያነሡ ሠራተኞች ክብሪት ቤት የምታክል ትንሽ ባጅ ደረታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። በውስጧ ቁራጭ ፊልም አለች። ወሩ ሲያልቅ ፊልሟ በፖስታ ተጠቅልላ ለአምሐ ትመጣለች። እሱም በሩን ዘግቶ፣ ጥቁሩን መጋረጃ ጋርዶ በጨለማ ያጥባታል፤ ከዚያ ጥቁረቷን ይለካል። ፊልሟ ነጣ ካለች ባለቤቷ ወሩን በሰላም ከርሟል። ከጠቆረች ጨረር በዝቶበታል። የጨረሩ መለኪያ ሚሊሬም ይባላል፤ አምሐ ቁጥሩን በሰውየው ካርድ ላይ ይጽፋል። ቁጥሩ ካላማረው ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይልካል፤ «ይህ ሰው ለሁለት ወር ከማሽኑ ይራቅ፤ በሩም ላይ ጨረር የሚከለክል እርሳስ ይለበጥ» ይላል። መልስ ካልመጣ ይደግማል። ሦስተኛ ጊዜ ላይ አይጽፍም፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ ራሱ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ጎሬ ድረስ ሦስት ቀን ተጉዞ፣ ማሽኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዲያዞር አስደርጎ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተመልሷል። እንዲህ እያለ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነው።

አሁን ችግሩ ክፍሉ ነው። ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ለተዘጋጀው የመፈክር ጨርቅ ማስቀመጫ ጠፍቶ፣ የመሥሪያ ቤቱ አስተዳደር ኃላፊ በየክፍሉ ሲዞር የአምሐ በር ላይ ደረሰ።

«እዚህ ምን ይመረታል?» አለው።

«ምንም አይመረትም፤ ፊልም ይነበባል።»

«የማያመርት ክፍል መጋዘን ይሆናል፤ ውሳኔው ይህ ነው» አለ ኃላፊው። ክፉ ሰው ስላልነበር ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ ጨመረ፤ «የምስጉን ሠራተኛ ምስክር ወረቀት ብታመጣ ግን እኔም አልነካህም። ምስጉን ሠራተኛን ከክፍሉ አስወጣ ብዬ ማን ፊት እቆማለሁ?»

የፊልም ማጠቢያ ገንዳው፣ መጋረጃውና የዘጠና አምስት ሰው ካርድ ያሉት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ አይሰጡትም። ክፍሏ ከተወሰደች ፊልሞቹ ፖስታ ቤት ይከመራሉ እንጂ የሚያነባቸው የለም። አምሐ ይህን ለትሩፋት ነገራት፤ ትሩፋት ለለታ ነገረችው፤ ለታም የሠርጉን ፎቶ ያሳጠበለት አምሐ ስለነበር ሐሙስ ዕለት ቅጹን ይዞ ከተፍ አለ።

ቅጹ የአምስት ዓመት የሥራ ውጤት በቁጥር ይጠይቃል። አምሐ ሲያስብ ቆይቶ ከካርዶቹ ላይ የየዓመቱን ጠቅላላ ሚሊሬም ደምሮ ሰጠው። ለታ ገልብጦ ሄደ።

አሁን ጓድ ከበበው ያንን ቅጽ ይዞ ቆሟል። በመጀመሪያ የዚነትን አነበበ፤ ማኅበሯ ከዕቅድ በላይ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሱሪ ሰፍቷል። ተጨበጨበ። ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ አምሐ። በ1971 ዓ.ም. ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሚሊሬም። በ1972 ስምንት ሺህ...»

አምሐ ቀና አለ። ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ የ1971 አይደለም፤ ያለፈው ዓመት ነው። ከበበው ግን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ አንድ ዓመት እየጨመረ ንባቡን ቀጠለ፤ «...በ1975 ዓ.ም. ዐሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሚሊሬም። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፣ ጓዶች።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አምሐ ለታን አየው። ለታ ከጠረጴዛው ጀርባ አንድ ዓይኑን ጠቀሰለት።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጥያቄ አለኝ» አለች ዚነት ተነሥታ። «ሚሊሬም ይለበሳል ወይስ ይበላል?»

ከበበው ቅጹን ገለበጠና ጀርባውን አየ። «የሳይንስ ምርት ነው» አለ።

«ዐሥራ ስምንት ሺህ ተመርቶ ለኛ ሰፈር አንድ እንኳ አይደርሰንም?»

«ወደ ቀበሌ ሱቅ ሲመጣ በካርድ ትወስጃለሽ» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

«እኔ እንኳ ሱሪዬን ቆጥሬ ነው ያመጣሁት» አለች ዚነት እየተቀመጠች። «በሺህ የሚቆጠር ነገር እንዳለ ብሰማ ቁልፉን ለብቻ እቆጥርላችሁ ነበር።»

እጅ ወጣ። ከዐሥራ ስምንት ሺህ ጋር ሲተያይ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሱሪ ምን ያህል ይቆማል? አምሐ በሰፊ ልዩነት ተመረጠ። ትሩፋት ከሴቶቹ መካከል ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ ስትል አየ። ክፍሏ ተረፈች ማለት ነው።

ዝም ብሎ ቢቀመጥ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ነገር ግን በቀበሌው አንድ ልማድ አለ። ምስጉን የተባለ ሰው ወደ ፊት ወጥቶ ለመጪው ዓመት በሕዝብ ፊት ቃል ይገባል፤ ቃሉም በቅጹ ግርጌ ይጻፋል።

«ጓድ አምሐ፣ ወደዚህ ይምጡ» አለ ከበበው። «ዐሥራ ስምንት ሺህ ካልን፣ ለዐሥረኛው ዓመት ሃያ ሺህ ነው የሚያምርብን። ቀኝ እጅዎን ያንሡና ከኔ ጋር ይበሉ፤ ሃያ ሺህ ሚሊሬም ለማድረስ ቃል እገባለሁ።»

አምሐ ወጣ። እጁን እስከ ጆሮው አነሣ።

«ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አለው ከበበው።

ከፍ አደረገው። ቃሉን መናገር ቀላል ነበር። ነገ ክፍሉ ገብቶ እንደ ትናንቱ ያነባል፤ ማንም አይጎዳም። ትሩፋትም ከተቀመጠችበት በዓይኗ «በል እንጂ» እያለችው ነው። ሆኖም የጎሬው ራጅ አንሺ ትዝ አለው፤ ጥፍሮቹ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቁት። ደግሞም ወረቀት የሚሄድበትን መንገድ ያውቃል። ይህ ቅጽ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመለሳል፤ መሥሪያ ቤቱም ሃያ ሺውን ለየሆስፒታሉ አካፍሎ ዕቅድ ብሎ ይልከዋል። ዕቅድ ደግሞ ዕቅድ ነው። ጎሬ ላይ አንዱ ኮታውን ለመሙላት ማሽኑን መልሶ ወደ በሩ ያዞረዋል።

«ሃያ...» አለና ቆመ።

«ሺህ» አለ ከበበው።

«አልችልም።»

«ዐሥራ ዘጠኝስ?»

«ዐሥራ ዘጠኝም አልችልም። አንድም መጨመር አልችልም።» አምሐ ድምፁ በአዳራሹ ውስጥ ሲሰማው ራሱ ደነገጠ፤ ከጀመረ በኋላ ግን መመለሻ አልነበረውም። «ቁጥሩ ተገልብጧል። ዐሥራ ስምንት ሺህ የ1971 ነው። ስድስት ሺህ ያለፈው ዓመት ነው። በየዓመቱ እየወረደ ነው የመጣው።»

በዚያ ዘመን ምርት ወረደ የሚለው ቃል ሲነገር ሰው ወዲያው አሻጥር የሚለውን ያስባል። ትሩፋት ነጠላዋን ከአፏ ወደ ዓይኗ አሳለፈችው።

«ሲወርድ ዝም ብለው አዩ?» አለ ከበበው።

«ዝም አላልኩም፤ ያወረድኩት እኔ ነኝ።» አምሐ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ሚሊሬም ምርት አይደለም። ራጅ የሚያነሣ ሰው ሰውነት ውስጥ የገባ ጨረር ነው። ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላል፣ ደም ይጎዳል። እኔ እየለካሁ ‹በዛ፣ ተጠንቀቁ› እላለሁ፤ እነሱም በር ያጠብቃሉ፣ እርሳስ ይለብጣሉ። እኔ ስጀምር ራጅ የሚያነሡት አርባ ነበሩ፤ አሁን ዘጠና አምስት ናቸው። ሰው በእጥፍ ጨምሮ ጨረሩ ወርዷል። ሌላ ውጤት የለኝም። ሃያ ሺህ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ብገባ እሰሩኝ።»

ለታ ከወንበሩ ተነሣ። «ግለ ሂስ አለኝ» አለ ወለሉን እያየ። «የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሲወርድ አይቼ አዘንኩላቸው።»

«ኀዘንህን ከቅጽ ውጪ አድርገው» አለው ከበበውና ወደ ሕዝቡ ዞረ። ላቡ ወደ እሱም ተላልፏል። «እንግዲህ ጓዶች፣ ይህንን ምን እንለዋለን?»

ኦቦ ዳባ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ሊቀ መንበር፣ እኔ ሽምብራ እዘራለሁ። ማሳዬ መንገድ ዳር ነው። ወደ ላፍቶ የሚያልፍ ሁሉ እሸት ይነቅላል። እዚህ የተቀመጣችሁትም ትነቅላላችሁ፤ ጀርባችሁን አውቀዋለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ጥቂቶቹ ግን አልሳቁም።

«ጠባቂ አቆምኩ። በመጀመሪያው ዓመት ሃምሳ ሌባ ያዘ። በሁለተኛው ሃያ። ዘንድሮ አምስት። ታዲያ ጠባቂዬ ሰነፈ ልበል? ወይስ ‹ለከርሞ ሃምሳ ሌባ ታመጣልኛለህ› ብዬ ቃል ላስገባው? ይሄ ልጅ የሰው ገላ ጠባቂ ነው። የጠባቂ ምርቱ ያልተነካው ማሳ ነው እንጂ ሌባው አይደለም።»

«ከአምስቱ ውስጥ እኔ የለሁበትም» አለች ዚነት።

«አንቺ ከሃያዎቹ ነሽ» አሏት ኦቦ ዳባ እየተቀመጡ።

ሳቁ እስኪበርድ ከበበው ጠበቀ። «ችግሩ ቅጹ ነው» አለ። «ጭማሪ የሚል ቦታ አለው እንጂ ቅናሽ የሚል የለውም። ከፍተኛው አይቀበለኝም።»

«ታዲያ በእጅህ ጻፍበት» አሉት ኦቦ ዳባ። «ብዕር አጣህ?»

እንደገና እጅ ይውጣ ተባለ። በመጀመሪያ የወጣው የዚነት እጅ ነበር። «እኔ ለሳቸው ሰጥቻለሁ» አለች፤ «ግን ሱሪዎቼ ከቃለ ጉባኤው እንዳይወጡ።» ቀጥሎ መቶ ሠላሳው እጅ ወጣ፤ አንድም ተቃውሞ፣ አንድም ድምፀ ተዐቅቦ አልነበረም። አምሐ ገና ከፊት ቆሞ ስለነበር ያን ሁሉ እጅ ከነዘንባባው ቀለበት ፊት ለፊት አየው። ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ የራሱንም እጅ አወጣ።

«የራስዎን አንቆጥርም» አለው ከበበው።

ወደ አግዳሚው ሲመለስ ትሩፋት ሴቶቹን አልፋ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ያስቀመጥከውን ወሬ ዛሬ ጨረስከው» አለችው በሹክሹክታ። ተቆጥታ ይሁን ደስ ብሏት መለየት አልቻለም፤ እጁን ግን ይዛው ነበር።

ማክሰኞ ከፍተኛው ቅጹን «ቅናሽ አይሸለምም» ብሎ መለሰው። ሚያዝያ 23 ቀን በሠራተኞች ቀን የተሸለመችው ዚነት ናት። ቀበሌው ግን አምሐ በመቶ ሠላሳ ነዋሪ ድምፅ እንደተመሰገነና ለምን እንደተመሰገነ የሚገልጽ ደብዳቤ በክብ ማኅተሙ አትሞ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈ፤ ለታ ቁጥሮቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ገለበጣቸው። የአስተዳደር ኃላፊው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ፋይል ውስጥ አስገባው። የመፈክሩ ጨርቅ ጋራዥ ውስጥ ተቀመጠ።