መኪናው እንዳይነሳ

አባታችን በተቀበረ በሳምንቱ ታላቅ ወንድሜ የታናሽ ወንድሜን መንጋጋ በክሪክ ዘንግ ሰበረው። ታናሽ ወንድሜም መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ የታላቅ ወንድሜን ጭን በተሰበረ የፊት መብራት መስታወት ቀደደው። ሁለቱን ባንድ ላይ ጭኖ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው የጎረቤት ታክሲ ነው። የተጣሉበት መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እኔ ያኔ ውጭ አገር እማር ነበር። እናቴ በስልክ "ትንሽ ተጋጭተው ነበር" አለችኝ፤ ከዚያ ስለ አየሩ ጠየቀችኝ።

መኪናው ባለ አንድ ጋቢና ነጭ ፒክአፕ ነው። አባታችን አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ የሙሽራ ዕቃ፣ አንዳንዴም ሬሳ ጭኖበታል። ታላቅ ወንድሜ ገና ጺም ሳያበቅል ከኋላ እየተንጠለጠለ በጫኝነት አደገ። አሁን የጫኝና አውራጅ ካቦ ነው፤ አንገቱ ከጭንቅላቱ ይወፍራል። "በትከሻዬ ያቆምኩት መኪና ነው፣ የእኔ ነው" ይላል። ታናሽ ወንድሜ በያጅ ነው። አባታችንን በመጨረሻ ሕመሙ ያስታመመው እሱ ስለሆነ "ላንተ ነው ብሎኛል፣ በዚህ ጆሮዬ" ይላል። ያንን ቃል ከእሱ ሌላ የሰማ የለም። ስለዚህ ቁልፉ በካቦው ኪስ፣ ሊብሬው በበያጁ ሳጥን ተቀመጠ። መኪናውም ለማንም ሳይሆን ለዝገቱ ሆነ።

ተመልሼ ስመጣ ግቢው ጠበበኝ። የእናቴ ቤት ከጥግ ነው፤ ከፊቱ የወንድሞቼ ክፍሎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። መሀላቸው ፒክአፑ ስለተገተረ በራቸውን ሲከፍቱ አንዱ የሌላውን ፊት አያይም። ጎማዎቹ ተንፍሰው መሬት ውጧቸዋል። የጋቢናው ወለል ተበልቶ ሣር በቅሎበታል። ወንበሩ ላይ ድመት ወልዳ፣ አሳድጋ፣ እንደገና ወልዳለች። ወንድሞቼ የሚበሉት እናቴ ጋ ነው፤ ግን በፈረቃ። አንዱ እጁን ታጥቦ ሳይወጣ ሌላው አይገባም።

"መኪናውን ላስጠግነው ነው" አልኳት እናቴን፣ ልብስ ስታሰጣ።

"የትኛውን?"

"ስንት አለን?"

የያዘችውን አንሶላ ጨመቀችው፤ ውሃ አልነበረውም። "ልጄ፣ እሱ እንደሞተ ይቅር። እሱ ከተነሳ ከወንድሞችሽ አንዱ ይተኛል።"

"እስከ መቼ ነው በፈረቃ የሚኖሩት?"

"በፈረቃም ቢሆን ይኖራሉ" አለች።

መስማት ነበረብኝ። ግን ከተመለስኩ ጀምሮ እጄ ሥራ ፈትቶ፣ በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ እየተስተናገድኩ ነበር፤ አንድ ነገር ካላስተካከልኩ መመለሴ ራሱ ትርጉም የሚያጣ መሰለኝ። በተማርኩት ትምህርት ውስጥ ደግሞ ስለ ጠበኞች የሚያወራ አንድ ምዕራፍ ነበር። አንድ የጋራ ሥራ ስጧቸው ይላል። ያንን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። የመጽሐፉ ጸሐፊ ወንድሞች ይኑሩት አይኑሩት ግን አላውቅም።

ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ካቦው ኮፈኑን በቡጢው መታ መታ አድርጎ "እኔ አውቄ ነበር፤ ከዚህ ቤት ሰው የሆንሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። በያጁ ሳቀ። መንጋጋው ከተሰበረ ወዲህ ሲስቅ አፉ ወደ ግራ ይሄዳል። "ጥሩ አስበሽልኛል" አለ። ሁለቱም እሺ ያሉት ለየራሳቸው የማስጠግነው መስሏቸው ነው። ገብቶኛል፤ አላረምኳቸውም።

መካኒኩን ሰፈሩ "ነገ" እያለ ነው የሚጠራው፤ እሱ ዘንድ የገባ መኪና ሁልጊዜ የሚያልቀው ነገ ስለሆነ። የመጀመሪያው ጧት ኮፈኑን ከፍቶ ሲያጎነብስ ካቦው ከኋላው ደርሶ ማጅራቱን ጨበጠው።

"ማን ልኮህ ነው?"

"እህትህ ናት፣ ጋሼ።"

"እህቴ ወይስ ያ ልጅ?"

መልሱን ሳይጠብቅ ግንባሩን ከኮፈኑ ጠርዝ ጋር አላተመው። እኔ እየጮህኩ ስደርስ መካኒኩ ደሙን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ ቁጭ ብሏል። "ሞተር ነው ያልሽኝ፤ ስለ ባለቤቱ አልነገርሽኝም" አለኝ። እንዲመለስ ለማግባባት ቤቱ ድረስ ተመላልሻለሁ።

ከዚያ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ጧት ካቦው ከመካኒኩ ጋር ሞተሩን ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ በያጁ አካሉን። ሞተሩን አወረዱት። ፒስተኖቹ ደርቀው ስለተጣበቁ ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፈው በእንጨትና በመዶሻ አስወጧቸው። በያጁ የተበላውን ወለል ቆርጦ ጥሎ አዲስ ላሜራ ገጠመ፤ የብየዳው መስመር እንደ ጥሩ ስፌት ነበር። ያንን መስመር ካቦው በማግስቱ በመዶሻ ሰነጠቀው። በያጁ መልሶ በየደው፤ በነጋታው ግን ካቦው የዘረጋው አዲስ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ማካሮኒ ተቆራርጦ መሬት ላይ ተበትኖ አገኘነው። ካቦው ሄዶ የበያጁን የክፍል በር በእርግጫ ገነጠለው። በያጁ ቤት አልነበረም። ካቦው አልጋውን አውጥቶ ግቢው ውስጥ እግር እግሩን ሰበረና ተመልሶ ሞተሩን ማሰር ቀጠለ።

እናቴ የአልጋውን እግሮች ሰብስባ "ይሄው ማገዶ" አለችኝ።

ያኔ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ከሚፈርሰው የሚሠራው የሚበልጥ መሰለኝ፤ በየማታው መኪናው ከጧቱ ይልቅ መኪና ይመስል ነበርና።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ካቦው ኮፈኑ ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ አስገባ። በያጁም ሁለቱ በሮች ላይ ቀለበት በይዶ ቆለፋቸው። አንዱ ሳይፈቅድ ሞተሩ አይታይ፣ ሌላው ሳይፈቅድ ጋቢናው አይገባ።

"ይሄ መኪና ነው ወይስ የነጋዴ መጋዘን?" አለ መካኒኩ።

ሞተሩ የሚነሳበት ቀን ታዲያ ሁለቱም መገኘት ነበረባቸው። ካቦው ኮፈኑን ከፈተ። በያጁ በሩን ከፈተ። አይተያዩም፤ ሁለቱም የሚያናግሩት እኔን ነው። "ቁልፉን ለመካኒኩ ስጥ በይው።" "እንዲህ በይው ለዚያ ሰውዬ።" መካኒኩ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተወው፣ እንደገና አጉረመረመና ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

ካቦው እጁን አፉ ላይ ጫነ። በያጁ መዳፉን ጭቃ መከላከያው ላይ አሳርፎ ንዝረቱን እንደ ሰው ትኩሳት ያዳምጥ ነበር። ሞተሩ የሚያስለው እንደ አባታችን ነው። እናቴ እንኳ ከበሯ ብቅ አለች። ያ የተማርኩት ምዕራፍ እውነት ነው ብዬ ያመንኩት ለዚያች አፍታ ነው።

"ነዳጅ አትስጡት" አለ መካኒኩ እየወረደ። "አዲስ ስለተሠራ ጥብቅ ነው። ዝም ብሎ ይሽከርከር፣ ይላመድ። አሁን ጉልበት የጠየቀው ሰው ይገድለዋል።"

እሱ እንደወረደ በያጁ ገብቶ መሪውን ያዘ።

"ውረድ" አለ ካቦው። ከስንት ዓመት በኋላ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

"በሩ የእኔ ነው።"

"ውረድ አልኩህ።"

"ቁልፉን አምጥተህልኛል፣ እግዜር ይስጥህ። አሁን ሂድና ከረጢትህን ተሸከም።"

ካቦው በመስኮት እጁን አስገብቶ ፀጉሩን ጨበጠና ጎተተው። በያጁ በሩ ተከፍቶ በጭንቅላቱ ወደቀ። ካቦው ሆዱ ላይ ረገጠው። በያጁ ከወገቡ የብየዳ ቅርፊት የሚያራግፍበትን ሹል መዶሻ መዝዞ ጉልበቱን አለው፤ የአጥንቱን ድምፅ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሰማሁት። መካኒኩ "በሕግ" ብሎ መሀል ሊገባ ሲል ክርን አፍንጫው ላይ አረፈበት። ዕቃውን ጥሎ፣ አፍንጫውን ይዞ በበሩ ወጣ።

እናቴ እየሮጠች መጣች። "እኔን ግደሉኝ" እያለች በመሀላቸው ገባች። ካቦው ማን መሆኗን ሳያይ ገፈተራት፤ ቅንድቧ ከሲሚንቶው ጋር ተጋጭቶ ተፈነከተ። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩም። እኔ ካቦውን ከወገቡ አቅፌ ለመጎተት ሞከርኩ። አንዴ ወገቡን ሲያወዛውዝ ግድግዳው ሥር ነበርኩ።

ቀና ስል ካቦው የወንድሙን አንገት ከፊት መከላከያው ብረት ጋር አጣብቆ ሁለት አውራ ጣቶቹን ጉሮሮው ላይ ተክሏል። በያጁ በመዶሻው ጎኑን ይወጋዋል፤ እያንዳንዱ ምት ከበፊተኛው ይደክማል። የካቦው ሸሚዝ ከብብቱ በታች በደም ርሷል። የበያጁ ፊት ጠቁሯል፣ ምላሱ ወጥቷል። ከራሳቸው በላይ ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሽከረከራል። ሁለቱም የሚሞቱለት ነገር በሕይወት አለ፤ እሱ በሕይወት እስካለ ደግሞ ዛሬ ባላቅቃቸው ነገ ይጨርሱታል።

ከመካኒኩ ዕቃ መፍቻ አንስቼ መኪናው ሥር ገባሁ። የዘይቱን ማፍሰሻ ቡሎን ፈታሁት። የጋለ ዘይት ከመዳፌ እስከ ክርኔ ፈሰሰብኝ፤ ቆዳዬ እንደ ላስቲክ ተኮማተረ። ጮህኩ መሰለኝ። ወጥቼ ጋቢና ገባሁ፣ መስታወቱን ዘግቼ በሮቹን ከውስጥ ቆለፍኩ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።

መጀመሪያ አገሳ። ከዚያ ከውስጡ አንድ ነገር ማንኳኳት ጀመረ፣ በቆርቆሮ ውስጥ ድንጋይ እንደሚንገጫገጭ። ካቦው በዚያ ሞተር ድምፅ ያደገ ሰው ነው። ጣቶቹ ከወንድሙ ጉሮሮ ላይ ላሉ። ከተከፈተው ኮፈን ጎን ብቅ ብሎ በመስታወቱ አየኝ፤ ከዚያ በእግሩ ሥር የሚሄደውን ጥቁር ዘይት አየ።

"አጥፊው" አለኝ። መስኮቱን በመዳፉ ይመታል። "አንቺ፣ አጥፊው፣ በእናትሽ።"

እግሬን አላነሳሁም። ማንኳኳቱ ጩኸት ሆነ፣ ጩኸቱ ፉጨት ሆነ። በያጁ እየተንገዳገደ ተነስቶ በሌላው በር መጣ፤ መናገር አይችልም፣ ብቻ መዶሻውን እያሳየ ራሱን ይነቀንቃል። ሞተሩ አንዴ ክፉኛ ዘለለና ነክሶ ቀጥ አለ። መኪናው በሙሉ ተናጠ። ከዚያ የፈላ ውሃ ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማ ነበር።

በያጁ መስታወቱን ሰበረው። በየትኛው በር እንዳወጡኝ አላስታውስም። ፊቴ ላይ ያረፈው የመጀመሪያው ጥፊ የካቦው ነው፤ እጁን አውቀዋለሁ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ጎኔን የረገጠኝ ግን በያጁ ነው። ከዚያ ማን የቱን እንደመታ መለየት ተውኩ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል፤ ቦታ ይለቃቀቃሉ፣ እንደ ልምድ ያላቸው ጫኞች። እጄን ለመከላከል አነሳሁ፤ የተቃጠለውን ክንዴን ረገጡት።

እናቴ በዳዴ መጣችና በላዬ ተኛች። የቅንድቧ ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ። የካቦው እግር ከጀርባዋ በላይ ተነስቶ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ነካ።

ቆመው ይተነፍሳሉ። በያጁ ጉሮሮውን ይዟል። ካቦው ጎኑን ይዟል።

"ዘይቱን ነው የደፋችው?" አለ በያጁ። ድምፁ እንደ ሞረድ ይፍቃል።

"ሙሉውን።"

"የሞተሩ ብሮንዚኖችስ?"

"አልቆላቸዋል።"

"ፒስተኑ እንኳ..."

"ከሲሊንደሩ ጋር ተጋብቷል" አለ ካቦው። "ፍቺም የለው።"

በያጁ ሳለ፤ ሳቅም ሊሆን ይችላል። ካቦው በጤናማ ጉልበቱ ተንበርክኮ መኪናው ሥር ተመለከተ። በያጁ ከወዲያኛው ወገን ተንበረከከ። ከመሬት ሆኜ ፊቶቻቸውን በመኪናው ሥር፣ በዘይቱ ላይ፣ አንዱን ከሌላው ፊት ለፊት አየኋቸው። "ያቺን ጎን ተመልከታት፣ ብሎኩ ተሰንጥቋል ወይ?" አለ ካቦው። "ከዚህ አይታየኝም፣ ቆይ ልጠጋ" አለ በያጁ።

ልነግራቸው የምፈልገው ነገር ነበረኝ። ለምን እንዳደረግኩት፣ ሌላ መንገድ እንዳልነበረኝ፤ እንዳልነበረኝ እርግጠኛ እንዳልሆንኩም ጭምር። ደሜን ተፍቼ ራሴን ላነሳ ስል እናቴ መዳፏን አፌ ላይ አጥብቃ ጫነችው።

"ዝም በይ" አለችኝ በጆሮዬ። "እያወሩ ነው።"