ቀና ብለሽ ተመልከቺ

እስከዳር ደብረ ማርቆስ ካለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ደጅ ስትደርስ ርምጃዋን ገታች። በስልኳ እንግሊዝኛ የሚያስተምራት መተግበሪያ ክረምቱን ሙሉ ኮከብ ሲሸልማት፣ ከተፎካካሪዎቿ ሁሉ በላይ ሲያስቀምጣት ከርሞ፣ ዛሬ ለነጻ የትምህርት ዕድል የቃል ፈተና ጠርቷታል። ይህ ዕድል ካመለጣት ትምህርቷ ተቋርጦ በትውልድ ቀዬዋ በአምበር ከመቅረት ሌላ መንገድ የላትም።

«ኮከቡን እንዳለ ለቅመሽ ለሰማዩ ምን አስቀረሽለት?» አለቻት አብራት የመጣችው ጓደኛዋ ወንጌላዊት።

«እባክሽ ተይኝ፤ ብወድቅስ?»

«ምን ያስፈራሻል? የሚፈትንሽ ማሽን እኮ ነው! እንደ የኔታ በዓይኑ አይገርፍሽ።»

የኔታ አምደሚካኤል፣ የእስከዳር አባት፣ የቅኔ መምህር ናቸው። በእርሳቸው ቤት ልጅ ታላቁን ሲያናግር ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

ብቻዋን ገባች፤ በሩ ተዘጋ። የለመደችውን ኮከብ ስትጠብቅ ፊቷ ካለው የኮምፒውተር ስክሪን ላይ አንድ ሽበታም አዛውንት ብቅ ብለው ሰላምታ ሰጧት። ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

ስክሪኑ ቀላና ጽሑፍ ወጣበት። «ፊትሽ አይታይም። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ።»

ደንግጣ ተቀመጠች።

«ስለምታከብሪው ሰው ንገሪኝ» አሏት አዛውንቱ በእንግሊዝኛ። አንገቷን ደፍታ ጀመረች፤ ቃሉ እንደ ውኃ ወረደላት። ስክሪኑ ግን እንደገና ቀላ።

«ዓይንሽ ከስክሪኑ ወርዷል፤ ከሌላ ቦታ እያነበብሽ ነው። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። በሦስተኛው ፈተናው ይዘጋል።»

አዛውንቱ ማሽኑ የፈጠራቸው ምስል እንደሆኑ፣ እናት እንዳልወለደቻቸው፣ ሽበታቸውንም ዘመን እንዳላበቀለው ታውቃለች። አንገቷ ግን አልታዘዝ አላት። ሰዓቱ ይሮጣል። በመጨረሻ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጥርሷን ነክሳ ቀና አለችና ዓይኗን ከዓይናቸው ተከለች።

«የማከብረው አባቴን ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «በታላቅ ፊት ዓይኔን እንድሰብር ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። አሁን እርስዎን እንዲህ ትክ ብዬ ሳይ ትምህርቱን እየጣስሁ ነው።»

እንባዋ ቢወርድም ዓይኗን አልነቀለችም። እስክትጨርስ ድረስ ስክሪኑ አልቀላም። ከዚያም የኮከብ ዝናብ ወረደ፤ አልፋለች።

አመሻሽ ላይ አምበር ስትደርስ አባቷ ከደጅ ቆመው ጠበቋት።

«እንዴት ሆንሽ፣ ልጄ?»

«አለፍሁ፣ አባባ።»

የኔታ ደስታቸውን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ከዓይኗ ተጋጠመ። እስከዳር ትክ ብላ እያየቻቸው እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ቶሎ ልታቀረቅር ብትልም ዘገየች፤ ቀድመው ዓይናቸውን የሰበሩት አባቷ ነበሩ።