ዓሣዎቹ የጠቆሩ ሰሞን

ፈሪ ነሽ ይሉኛል፤ አልክድም። ልጄን ትንኝ ነክሷት ክሊኒክ ወስጃት ሐኪሙን አስቄዋለሁ። ጋዝ ሸተተኝ እያልኩ የጋዝ ሠራተኛውን ከማመላለሴ የተነሳ ሰውዬው በመጨረሻ ስልኬን ማንሳት ትቷል። ባሌ ያወጣልኝ ስም ወይዘሮ ስጋት ነው። ልጃችንም ሲያሰኛት በዚሁ ትጠራኛለች፣ ምን ታርግ፣ ከአባቷ ሰምታ ነው።

እንግዲህ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን መጥቶ አኳሪየም ላቆም ነው፣ ዲስከስ የሚባል ዓሣ ልገዛ ነው አለኝ። መስታወቱ ቢፈነዳስ አልኩት። ቤቱ ቢጥለቀለቅስ፣ ልጅቷ ተንጠላጥላ ብትገባበትስ። እሱ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ወሬ ሲሰማ ስለሚውል የኔን ለመስማት ጉልበት አይተርፈውም። ስለ ዓሣዎቹ ፈራሁ ላትይ በልጅሽ ማይልኝ አለኝ። እኔም ለመገላገል ያህል፣ ልጄን አልልም አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የቆጨኝ። በልጅ ተምሎ ይፈረሳል እንዴ?

ሙያውን ግን አልነፍገውም፣ አሳምሮ ነው የሠራው። ብረት በያጅ ጋ ሄዶ ከታች አግዳሚ ያለው ጠንካራ ማስቀመጫ አሠራ፣ ከመስታወቱ ሥር ስፖንጅ አነጠፈ፣ ውሃውን ሞልቶ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ሰካ። ከዚያ ለሳምንታት ያለ አንድ ዓሣ አስቀመጠው። ጎረቤት እየመጣ ባዶ ውሃ አፍጥጦ አይቶ ይሄዳል። ውሃው መጀመሪያ መሰናዳት አለበት፣ ያልተሰናዳ ውሃ ውስጥ ዲስከስ ማስገባት መግደል ነው ይላል ባሌ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። እኔ እዚያው ክፍል ስፌት ማሽኔ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ልንገዛ ስንሄድም ሻጯን አሰቃያት። ዲስከስ ሰሃን የሚያህል፣ ክብና ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። እያንዳንዱን ዓይኑ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ግንባሩ አለመጎድጎዱን፣ ሁለቱም ጉንጩ እኩል መተንፈሱን አየ። ይሄም አልበቃውም፣ ፊቴ ካልበሉ አልገዛም አለ። ሴትየዋ ሳትቆጣ መገበቻቸው። እጇን ስትከት ሁሉም እየተጋፉ መጡ።

"ጤነኛ ዲስከስ ወደ እጅ ይመጣል" አለችን። "ከጠቆረና ጥግ ከያዘ ግን፣ ወይ ታሟል ወይ ውሃው ውስጥ የሚያስፈራው ነገር አለ።"

ባሌ 'ታሟል' የሚለውን ሰማ። እኔ የሰማሁት ሌላውን ነው፣ የኔ ነገር።

መጀመሪያ ላይ ቤታችን ደስ አለው። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደመጣች የላስቲክ በርጩማዋ ላይ ወጥታ እጇን ትከታለች፣ እነሱም መጥተው መዳፏን ይስሟታል። እኔ ራሴ ስፌቴን ትቼ ፈዝዤ የማያቸው ጊዜ ነበር። ብርቱካናማ ቀለማቸው ሲያምር!

ከዚያ ባሌ አንድ ቀን ውሃ ሊቀይር ግማሹን ቀዳ። የመስታወት ቱቦ የሆነው ማሞቂያ እንደተሰካ ደረቅ ላይ ግሎ ቀርቶ ነበር፣ ልብ አላለውም። አዲሱን ውሃ ሲያፈስበት ጢቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምን ነበር ልል አፌን ከፈትኩ፣ መሐላዬ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ዓሣዎቹ ጠቆሩ። ማሞቂያው ካለበት ማዶ፣ የመጨረሻው ጥግ ላይ ተለጣጥፈው ቀሩ። ባሌ ሻጯ ጋ ደውሎ በሽተኛ ሸጥሽልኝ ብሎ አፉ እንዳመጣለት ተናገራት፣ ከዚያ መድኃኒት ገዝቶ ጨመረ። ምንም ለውጥ የለም። እኔ ስሰፋ ጫማ አላደርግም፣ የማሽኑን ፔዳል በባዶ እግሬ ካልረገጥኩት አይታዘዘኝም። ውሃው ላይ የበነነ ክር ላወጣ ጣቴን ብነክር፣ ውርር የሚል ነገር እስከ ክርኔ ወጣ። ጣቴን መርፌ ወግቶት ስለነበር እሱ ነው አልኩ። ሌላ ቀን ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ብነካው ምንም የለም። በቃ አበድሽ፣ ወይዘሮ ስጋት፣ አልኩ ለራሴ። ግን ፍርሃቱ እህል አላስበላኝ አለ። ለማን ይነገራል? ልጄን ብያለሁ።

እሁድ ባሌ እንደገና ውሃ ቀየረ። ወለሉ ረጥቧል። እጁን ከትቶ ዓሣዎቹን እየጠራ፣ ልጃችን ከእጇ ካበላቻቸው ያገግማሉ ብሎ ጠራት። የላስቲክ በርጩማዋ ላይ ባልዲ ተቀምጦበታል። ነጠላ ጫማዋ እርጥቡ ላይ ሲያዳልጣት አወለቀችው፣ በባዶ እግሯ የብረቱን አግዳሚ ረግጣ ወጣች።

ያንን ትንሽ እግር ብረቱ ላይ ሳየው ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ባሌ ቆሞ ስለሚውል እግሩ ያብጣል፣ ቤት ውስጥ ያንን ወፍራም የላስቲክ ነጠላ ጫማውን አውልቆ አያውቅም። እሷ ሁልጊዜ ላስቲክ ላይ ናት። ውሃውን በባዶ እግሬ ሆኜ የነካሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ውርር ያለኝም ኮረንቲ ነው። ከማሽኑ ላይ ተስፈንጥሬ የአኳሪየሙን ገመድ ከሶኬቱ መነጨቅኩት።

ማጣሪያው ዝም አለ። ልጄ እጇን እስከ አንጓዋ ከትታ፣ ምን ሆንሽ እማዬ ብላ ሳቀችብኝ።

ባሌ ዓሣዎቹን ልትፈጂያቸው ነው ብሎ ተቆጣ፣ ፍርሃትሽ መጣ ደግሞ አለ።

"ፈራሁ አላልኩም" አልኩት። "ቴስተርህን አምጣ ነው የምልህ።"

ፊቴን ሲያይ መከራከሩን ተወው። የፀጉር ማሽኖቹን ሶኬት የሚፈትሽበትን ቴስተር ከቦርሳው አወጣ። ልጄን አቅፌ አልጋ ላይ አስቀመጥኳትና እግርሽን እንዳታወርጂ አልኳት። ገመዱን ሰካሁ። እሱ የቴስተሩን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከረ። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች።

መብራቷን አየ። የራሱን ወፍራም ጫማ አየ። ከዚያ ወለሉ ላይ የቀሩትን የልጁን ጫማዎች። ገመዱን እሱ ራሱ ነቀለ፣ ማሞቂያውን አውጥቶ ብርሃን ላይ ሲይዘው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው። እርጥቡ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ክተቺ ያልኳት እኮ እኔ ነኝ" አለ።

አላጽናናሁትም፣ እኔም የምጽናናበት አልነበረኝም። በዚያው ቀን አዲስ ማሞቂያ ገዛ። ለሻጯም ደውሎ ይቅርታ ጠየቃት። አዲሱን ሰክቶ ቴስተሩን ቢነክረው አልበራም፣ ደጋግሞ ነከረው፣ አልበራም። ልጃችን ከአልጋው ላይ፣ አሁን እጄን ልክተት ብላ ጠየቀች።

ባሌ ነጠላ ጫማውን አወለቀ። ያበጠ እግሩን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አሳረፈ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ገመዱን ያዢልኝ፣ ከነዘረኝ ንቀይው አለኝ። ሶኬቱ ጋ ተንበርክኬ በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

"እንዳትለቂው" አለኝ። "ፈርቻለሁ።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አልኩት።

ከዚያ እጁን ከተተ።